የዓይን አማና



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት እርግብ ነው። ከሁለት ወር በፊት ፎቶዋን እዚሁ ለጥፌ ነበር፤ ብዙዎቻችሁም «ማሻአላህ» ብላችሁበታል። ያኔ ያልነገርኳችሁን ዛሬ ልንገራችሁ።

ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ ልጆች በማቀራበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ የውኃ ሮቶዎች አሉ። በአንደኛው ሮቶ ሥር አንዲት እርግብ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ነበር። ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ በየሚናራውና በየቆርቆሮው ጠርዝ የምናያት፣ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማትኖር የራሳችን እርግብ ናት። የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ ያሉ ወፎቻችንን ለማየት ውቅያኖስ አቋርጠው ይመጣሉ። እኛ ቀና ብለን አናያቸውም። እኔም «ይህን የአላህ ተአምር ለሰው ላሳይ» ብዬ ከሱብሂ በኋላ ስልኬን ይዤ ጣሪያ መውጣት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ከበሩ ላይ ሆኜ አነሳኋት። ዝም አለች። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ቀረብኩ። በሦስተኛው ተንበረከክሁ፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ታየኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን ክንዴን ወደ ሮቶው ሥር ሰደድኩ። ብርር ብላ ወጣች። እንቁላሎቹን አነሳሁ። ስትመለስ ክንፏን እንደዘረጋች ላንሳት ብዬ ደግሞ እዚያው ቁጭ አልኩ። ትይዩ ያለው ጣሪያ ላይ ቁራ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ልጆቹ ሲመጡ ወረድኩ። ዙህር ላይ ስወጣ የቀረው ቅርፊት ነበር።

የሕንፃው ዘበኛ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው አዛውንት፣ በማግስቱ «ኡስታዝ፣ ያቺ እናት እኮ ማታ መጥታ እዚያው ስትዞር ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔ ግን ፎቶውን ለጠፍኩት።

ጉዳዩን ያወራሁት ወዳጄ ሳቀ። «ቁራውስ ሪዝቁን አይበላም? ቀደር ነው» አለኝ። እውነት አለው፤ ቁራም ሪዝቅ አለው። ቁራው ግን የተፈጠረበትን ነው ያደረገው። እኔ ክንዴን እንድሰድ ያስገደደኝ አልነበረም። ቀደር በደረሰብን መከራ የምንጽናናበት እምነት ነው፤ በሌላው ላይ ያደረስነውን የምንሸፍንበት መጋረጃ አይደለም። ቁራው ያለ እኔም ይመጣ ይሆናል። የሚጠየቀው ግን እሱ ሲመጣ እናቲቱ ለምን ጎጆዋ ላይ እንዳልነበረች ነው።

«ወፍ እኮ ናት» ለሚል ሰው አቡ ዳውድ የዘገቡትን ታሪክ አስታውሳለሁ። ሶሃቦች በጉዞ ላይ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች አገኙና ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ እንዲመልሱላትም አዘዙ። ልብ በሉ፤ ጫጩቶቹ አልሞቱም። ጭንቀቷ ብቻውን በደል ሆኖ ተቆጠረ። እነሱ ደግሞ መመለስ ችለዋል። እኔ የምመልሰው የለኝም።

ታዲያ ኒያዬስ? ሱረቱል ሙልክ በላያችን ክንፋቸውን የሚዘረጉና የሚሰበስቡ ወፎችን እንድናይ ይጠራናል። ማየት ዒባዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዒባዳ ከሆነ ለማየት ስንል ማስጨነቅ ይፈቀድልናል?

እኔ መልሱን ያገኘሁት ለልጆቹ በማስተምረው የአደብ ትምህርት ውስጥ ነው። ሱረቱን ኑር የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት እንድናስፈቅድ ያስተምረናል። አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ባጮለቀ ጊዜ ደግሞ ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን ነገሩት። ለእግር ብቻ አይደለም፤ ለዓይን! ሱረቱል አንዓም ደግሞ ወፎች እንደኛው ኡማዎች መሆናቸውን ይነግረናል። ኡማ ከሆኑ ቤት አላቸው። ቤት ካላቸው ደጃፍ አላቸው።

ወፍ እንዴት ትፈቅዳለች ትሉኝ ይሆናል። በሰውነቷ ትናገራለች። እህሏን መልቀሟን ከቀጠለች፣ ላባዋን ማበጠሯን ካላቆመች፣ ፈቅዳለች። አንገቷን ቀጥ ካደረገች፣ ከተጮኸብህ፣ ከተነሳች፣ «ተመለስ» ብላለች። የእኔዋ በሦስተኛው ቀን ነግራኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ፣ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። በክረምት እዚያ የምትራባ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የምትባል ከጭብጥ ብዙ የማትበልጥ ወፍ አለች። ከዓለም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ ናት። ከኛ ሌላ በዋናነት የምትታወቀው በደቡብ አፍሪካ ነው። ሣር ውስጥ ተሸሽጋ ስለምትኖር በዚያ አገር ሰዎች እሷን ለማየት ተሰልፈው ረግረጉን እየረገጡ ያስበረግጓት ነበር። የሚያተርፉትም ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ የሚል ነጭ ክንፍ ነው። ኋላ ተመራማሪዎች ደልስትሩም ከምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ባለ ረግረግ ውስጥ በራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎች ተከሉና ወጡ። በ2018 እ.ኤ.አ. ካሜራዎቹ ከጫጩቶቿ ጋር አሳዩአቸው። በዚያ አገር እንደምትራባ በማስረጃ የታወቀው ያኔ ነው። ያሳደዳት ክንፍ አየ፤ ትቷት የወጣ ቤተሰቧን አየ።

መርካቶ ውስጥ ይህን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ተሸካሚው ነው። ኩንታል በጀርባው አዝሎ ሳለ ካሜራ ሲደቀንበት ፊቱን ያዞራል። በረመዳን አስቤዛ ስናከፋፍልም አይተናል፤ ዘይትና ዱቄት የተቀበለችው እናት በሻሿ ፊቷን ስትሸፍን እኛ «ቀና በይ፣ እናቴ» እንላለን። ኒያችን ጥሩ ነው፤ ሌላው አይቶ እንዲሰጥ ነው። የእኔም ኒያ ጥሩ ነበር። ሻሽ የሳበች እጅና ቀጥ ያለች አንገት የሚሉት ግን አንድ ነው። ወፏን ማንበብ ያልተማረ ዓይን ሰውንም ለማንበብ ይቸገራል።

ያን ፎቶ ዛሬ አጥፍቼዋለሁ። ማጥፋቱ እንቁላሎቹን አይመልስም፤ ግን ባላስፈቀድኩት ነገር ምስጋና መቀበሌን ያቆማል። አሁን እርግቦቹን የማያቸው ከጣሪያው በር ላይ ሆኜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ስልክ። ልጆቹንም አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ። መጀመሪያ የማስተምራቸው መቅረብን ሳይሆን የት መቆም እንዳለባቸው ነው።

ዛሬ ከጁምዓ ስትወጡ አንድ ጊዜ ቀና በሉ። በሚናራው ላይ ያሉትን እዩ። ካላችሁበት ሆናችሁ እዩ።

አላህ ዓይናችንን ከሚጎዳ እይታ ይጠብቅልን፤ ያጠፋነውንም ይማረን። ጁምዓ ሙባረክ።