መምህርን የሚያርመው ማን ነው?

የቅኔ ደቀ መዝሙር የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ የጎደለውን ይሞላለታል፥ የተፋለሰውን ያቃናለታል። በዚህ የሚያፍር ደቀ መዝሙር ቢኖር ባለቅኔ ሳይሆን ይቀራል። ሊቅ ከሆነም በኋላ በበዓል ቀን በማኅሌት ቅኔ ሲያቀርብ የሚሰሙት ሊቃውንት ናቸውና ቅኔው ከመመዘን አያመልጥም። ነገር ግን ይኸው ሊቅ ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር፥ ወይም በከተማ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሰዋስው የሚያስተምር መምህር በክፍሉ ሲውል፥ ማስተማሩን ራሱን የሚመዝንለት ማን ነው? ልጆቹ እንደ ሆኑ ያልገባቸውን ነገር እንደ ገባቸው አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። መምህር የማስተማሩን ዘዴና ጉድለት ለባልንጀሮቹ የመግለጥ ግዴታ አለበትን? ወይስ ይህ እንደ ፈቃዱ የሚያደርገው በጎነት ነው?

ብዙ ሰዎች፥ «መምህር ጉድለቱ ከታወቀ ክብሩ ይወድቃል፤ ክብሩ የወደቀውንም መምህር ልጅ አይሰማውም» ይላሉ። ይህ ነገር ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ተማሪ መምህሩን ማክበር ይገባዋልና። ዳሩ ግን ጉድለት በተሰወረ ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ልጅ ሲሶና ሩብን ሲማር፥ 4 ከ3 እንዲበልጥ ስለሚያውቅ ሩብ ከሲሶ ይበልጣል ብሎ ያስባል። አንዱ መምህር ስሕተት ነው ብሎ ደንቡን ደግሞ ይነግረዋል፤ ልጁም ደንቡን በቃሉ ያጠናል፥ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም። በጎረቤት ክፍል ያለው መምህር ግን፥ «አንድ ዳቦ ለሦስት ብትካፈሉትና ለአራት ብትካፈሉት ድርሻህ የሚበልጠው በየትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅን ለምዶአል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ግንብ ብቻ ነው። ያ ስለ ክብሩ፥ ይህም ስለ ንፍገቱ ዝም ቢሉ፥ ዓመቱን የሚከስረው ልጁ ነው። የራስን ዕዳ ልጅን ማስከፈል ደግሞ ክብር ሊባል አይችልም።

ክብርን ሳያዋርዱ መመካከር እንደሚቻል የጃፓን መምህራን ልማድ ያስረዳል። ይህ ልማድ ከሜይጂ ዘመን (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1868 እስከ 1912) ጀምሮ የመጣ ነው። መምህራን ተሰብስበው አንድን ትምህርት በአንድነት ያሰናዳሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ያስተምራል፤ የቀሩት በክፍሉ ውስጥ ሆነው መምህሩን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ የሚጽፉትንና የሚናገሩትን ይመለከታሉ፤ ከዚያም ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ልጆቹ ሳይረዱ ቢቀሩ የሚመረመረው በአንድነት የተሰናዳው ትምህርት ነው እንጂ ያስተማረው ሰው ብቻውን አይደለም። ስቲግለርና ሂበርት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1999 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ይህን ልማድ በመጽሐፍ ከገለጡት ወዲህ፥ በሌሎችም አገሮች ብዙ መምህራን ተከትለውታል።

ይሁን እንጂ ስብሰባ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። እርስ በርስ ለመመሰጋገን የሚደረግ ስብሰባ ጊዜ ማጥፋት ነው። ደካማውን ለማጋለጥ የሚደረግም ስብሰባ ከዚያ ወዲያ ጉድለቱን አብልጦ እንዲሰውር ያስተምረዋል። ስለዚህ ጉድለቱን አስቀድሞ መናገር የሚገባው በዕድሜና በማዕርግ ታላቅ የሆነው መምህር ነው፤ እርሱ ከተናገረ ታናሹ አይፈራምና።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ልጅ መምህሩን መርጦ አልመጣም፤ ወላጁ አደራ ብሎ አስረክቦታል። አደራ የተቀበለ ሰው የሚበጀውን መንገድ ከባልንጀራው ጠይቆ ማግኘት ሲችል በኩራት ቢቀር፥ ወይም ሲያውቅ ቢሰውር፥ አደራውን እንደ በላ ይቈጠራል። እንግዲህ ምክክሩ ግዴታ ነው እንጂ ትሩፋት አይደለም። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውን ተረት ለተማሪዎች ስንነግር ኖረናል፤ ተረቱ ግን ሊቅ የሆነው ሰው ከመጠየቅ ይረፍ አላለም።