በደንቡ የተቆረጠ አንገት

ክርክሩ የተነሣው ማታ ነው፤ መብራት ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው። አንድ የክፍላችን ልጅ ስለ ጥንቱ የማያ ሕዝብ የሚናገር መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ መጥቶ ኖሮ፥ አንዱን ሥዕል ገልጦ ከአልጋ አልጋ አዞረልን። ሥዕሉ የሚያሳየው በሜክሲኮ፥ በዩካታን ምድር፥ በቺቼን ኢትዛ ፍርስራሽ ውስጥ ባለው ትልቁ የኳስ ሜዳ ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን ነው። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ይታያሉ። አንዱ በአንድ እጁ ቢላዋ፥ በሌላው እጁ የሰው ራስ ይዞ ቆሟል። ሁለተኛው ተንበርክኳል፤ ራስ የለውም። ከአንገቱ የሚፈልቀው ደም እባብ እባብ እየሆነ ይወጣል። በመካከላቸው ኳስ አለ፤ በኳሱም ላይ የራስ ቅል ተቀርጿል።

«ተሸንፎ ነዋ!» አለ አንዱ።

«የለም፥ አሸንፎ ነው። ለአማልክት የሚሰጠው ምርጡ ነው። ክብር እኮ ነው!» አለ ሌላው።

ሦስተኛው ግን «ኧረ ተዉን! ያሸነፈም ይሁን የተሸነፈ፥ በደንቡ ተጫውቶ በደንቡ ከሞተ እኛ ምን አገባን?» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። መብራቱም ጠፋ።

ሁሉም ተኛ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያሳጣኝ ያ የመጨረሻው ቃል ነው። ለመሆኑ ግፍ ደንብ ሲወጣለት ግፍነቱ ይቀራልን? ይህንን ጥያቄ ነው ዛሬ ከናንተ ጋር ላገላብጠው የፈለግሁት።

አስቀድሞ ለጨዋታው ራሱ ፍርድ እንስጠው፤ አለዚያ ሟቹን እናዝንለታለን ብለን ሕዝቡን እንበድላለን። የጎማ ኳስ ጨዋታ በዚያ ምድር ከማያዎችም በፊት የነበረ ነው። ኤል ማናቲ በሚባል ቦታ፥ ከረግረግ ውስጥ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1600 ዓመት ገደማ የተሠሩ የጎማ ኳሶች ተገኝተዋል። ኳሱ የሚሠራው ከዛፍ ወተት ሲሆን፥ እንዲጠነክርና እንዲነጥር የአንድ ሐረግ ጭማቂ ይቀላቀልበታል። ብዙውን ጊዜ የሚመታው በእጅ ወይም በእግር ሳይሆን በዳሌ ነው። ሜዳዎቹ ከአንድ ሺህ በላይ ተቆጥረዋል፤ አንዳንዱ ጠባብ ነው። የቺቼን ኢትዛው ግን ርዝመቱ 168 ሜትር ያህል ይሆናል። ከግድግዳው ላይ፥ ከመሬት ስድስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ የድንጋይ ቀለበት ተተክሏል።

በነዚህ ሁሉ ሜዳዎች ላይ በየቀኑ አንገት ይቆረጥ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ሰው ለደስታው ይጫወት ነበር፤ ውርርድም ነበር። በ1528 እ.ኤ.አ. ኮርቴስ ከሜክሲኮ ተጫዋቾችን ወደ እስፔን ወስዶ በንጉሡ ፊት አጫውቷቸዋል፤ ቫይዲትስ የተባለ የጀርመን ሠዓሊም ሥዕላቸውን ትቶልናል። ዛሬም በሲናሎዋ ጠቅላይ ግዛት ጎረምሶች ሦስትና አራት ኪሎ የሚመዝን ኳስ በዳሌያቸው እየመቱ «ኡላማ» ይጫወታሉ። እንግዲህ ኃጢአቱ የኳሱ አይደለም።

ኃጢአቱ የት እንደገባ የሚያሳየኝ ሌላ ድንጋይ ነው። በያሽቺላን ከተማ፥ በአንድ ደረጃ ላይ፥ በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ፥ ሊቃውንት «ወፍ ጃጓር አራተኛ» የሚሉት፥ ኳስ ሲጫወት ተቀርጿል። ኳሱ ከደረጃው ወደ ንጉሡ እየተንከባለለ ይወርዳል። በኳሱ ውስጥ የታሰረ ምርኮኛ አለ! ሰውየው ተጫዋች አይደለም፤ ኳሱ ራሱ እሱ ነው።

ይህን ቅርጽ ካየሁ በኋላ «በደንቡ ሞተ» የሚለው ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ጨዋታ ጨዋታ እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። አንደኛ፥ ማሸነፍ የሚቻል መሆን አለበት። ሁለተኛ፥ «አልጫወትም» ማለት የሚቻል መሆን አለበት። በኛም አገር በገና ጨዋታ ላይ ጌታው በአሽከሩ ዱላ ቢመታ መቆጣት ነውር ነው ይባላል። ለምን? ሜዳ ላይ ሲገቡ ጌትነትና አሽከርነት ከሜዳው ውጭ ይቀራሉ ተብሎ ስለታመነ ነው። የታሰረ ሰው ያለበት ሜዳ ግን ምርኮውን ከነገመዱ ይዞ ነው የሚገባው። ፍጻሜው አስቀድሞ ተወስኗል። ታዲያ ደንቡ ምን ይሠራል? ደንቡ ገዳዩን ከደሙ የሚያነጻ ውኃ ሆኖ ያገለግላል። ንጉሡ «እኔ አልገደልሁትም፤ ጨዋታው ነው» ለማለት ያስችለዋል።

እንዲያውም ይህ ዝም ብሎ ከመግደል የባሰ ይመስለኛል። በጦር ሜዳ የተገደለ ሰው ሕይወቱን ብቻ ይወሰዳል። ይህኛው ግን ላቡን፥ ጥረቱን፥ «ምናልባት» የምትለዋን ተስፋውን ሳይቀር ለገዳዩ ድግስ እንዲያዋጣ ይደረጋል። በገዛ ሞቱ ላይ ተባባሪ ያደርጉታል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ዘልዬው አላልፍም። «አንተ በራስህ ዘመን ሚዛን ትመዝናለህ፤ እነሱ ግን ያምኑበት ነበር» ሊባል ይችላል። እውነት ነው፥ ፀሐይና በቆሎ፥ ሞትና ልደት ከኳሱ ጋር የተያያዙበት እምነት ነበራቸው። ወዶና አምኖ ራሱን የሚሰጥ ሰው ካለ ለሱ ሌላ ቃል ያስፈልገን ይሆናል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ምርኮኛው ካመነበት ገመዱ ለምን አስፈለገ? ገመዱን የቀረጸው የነሱው ጠራቢ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

«አሸናፊው ነበር የሚሠዋው» የሚለውንም እንደዚሁ። ድንጋዩ ማን እንዳሸነፈ አይናገርም። እኛ ግን ይህን ተረት ስንሰማ ደስ ይለናል። ለምን ደስ እንደሚለን ራሴን ጠየቅሁ። ክብር ነበር ካልን፥ ሟቹ ወዶ ሞተ ማለት ነው፤ ወዶ ከሞተ ደግሞ እኛ ሥዕሉን ያለ ሐሳብ አይተን መተኛት እንችላለን። ተረቱ የሚያጽናናው ሟቹን ሳይሆን ተመልካቹን ነው።

ደግሞ ማያዎቹ ራሳቸው ይህን አላሰቡትም እንዳይባል! ፖፖል ቩህ የሚባለው የኪቼ ማያዎች መጽሐፍ፥ አባ ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ የተባሉ መነኩሴ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገልብጠው ያቆዩት፥ ስለዚሁ ጨዋታ ይተርካል። የሞት አገር የሺባልባ ጌቶች በኳስ ድምፅ ተቆጥተው ሁለት ወንድማማቾችን «ኑ፥ እንጫወት» ብለው ያስጠሯቸዋል። ወንድማማቾቹ ኳስ ሳይነኩ በተንኮል ይገደላሉ፤ የአንደኛውም ራስ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። በኋላ የሱ መንታ ልጆች፥ ሁናፑና ሽባላንኬ፥ በተራቸው ይጠራሉ። ጌቶቹ በራሳቸው ኳስ ካልተጫወትን ይላሉ። ኳሱ ሲመታ ከውስጡ ስለት ይወጣል! በዚህን ጊዜ መንትዮቹ፥ ለካ የፈለጋችሁት ሞታችንን ነው፥ ለጨዋታ ጠርታችሁን አልነበረምን፥ እንግዲያው እንሄዳለን ይላሉ። ጌቶቹም ደንግጠው፥ አትሂዱ፥ በናንተው ኳስ እንጫወት ብለው ይለምኗቸዋል።

ልብ በሉ! ጨዋታው ጨዋታ የሆነው መንትዮቹ «እንሄዳለን» ማለት ከቻሉ በኋላ ነው። ደንቡን ደንብ ያደረገው የመሄድ መብት ነው። ይህን የጻፈው ሕዝብ በኳስ ውስጥ የተደበቀውን ስለት ከኛ በፊት አይቶታል።

ታሪክም የራሱን ቀልድ ይቀልዳል። ዛሬ ሆንዱራስ በምትባለው አገር፥ በኮፓን፥ ዋሻክላሁን ኡባህ ካዊል የተባለው ንጉሥ እጅግ ያማረ የኳስ ሜዳ አሠርቶ በ738 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አስመረቀ። በዚያው ዓመት የሱ ገባር የነበረው የኪሪጓ ገዢ ማረከው፤ አንገቱም ተቆረጠ። ስለዚህ አንድ ደንብ ትክክል መሆን አለመሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው፥ የደንቡን ባለቤት ከምርኮኛው ቦታ ላይ አቁሞ «አሁንስ?» ብሎ ይጠይቀው።

ይህን ሁሉ ስል ዳኛ መስዬ እንዳልታያችሁ፥ የራሴን ልናገር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አዲስ የመጣ ልጅ ሲገኝ ክብ ሠርተን ከጉልበተኛው ጋር እናታግለው ነበር። እኔ ትግል ስለማልችል ዳኝነት ተሰጠኝ። አንድ ቀን ከሲታ ልጅ መጣ። «ትታገላለህ?» አልሁት። ዙሪያውን አየ፤ ክቡ ተዘግቷል። «እሺ» አለ። ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስቱንም ጮክ ብዬ ቆጠርሁ። አፍንጫው እየደማ ሲወጣ ጓደኞቼን «እሺ ብሎ ነው፤ በደንቡ ነው» አልኋቸው። የዚያን ዕለት ማታ ራቴን በደንብ በላሁ።

እነሆ፥ ከስንት ዓመት በኋላ፥ ያቺን «እሺ» እሰማታለሁ። እሺታ አልነበረችም። ክቡ ሲዘጋ የሚወጣ ድምፅ ነበረች። በድንጋዩ ላይ ያ ተንበርካኪ ራስ ስለሌለው ምን ብሎ እንደነበር ሊነግረን አይችልም። የኔው ልጅ ግን ራስ ነበረው፤ አፍም ነበረው፤ የጠየቅሁት ክቡን ከዘጋሁበት በኋላ ነው እንጂ።

በማግሥቱ ጧት ያ ብርድ ልብስ የተከናነበው ጓደኛዬ «ታዲያስ፥ ማን አሸነፈ?» ብሎ ቀለደብኝ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፦ ማን እንዳሸነፈ ከመጠየቅህ በፊት፥ ክቡ ክፍት ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ።