ለሽያጭ የቀረበ ቤት ገበናው የማን ነው?

 

ውድ አንባቢ! ቤት ለመግዛት ዞረህ ታውቅ ይሆን? ዞረህ ከሆነ ነገሩን ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። ደላላው ሰኞ ጠዋት ይቀጥርህና «ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ሄደ» ይልሃል። ረቡዕ ስትመለስ ግቢውን ታያለህ፣ ሳሎኑን ታያለህ፤ የጓዳው በር ግን ተቆልፏል። «ዕቃ ተከምሮበታል እንጂ እሱም እንደ ሳሎኑ ነው» ትባላለህ። ወደ ጓሮ ልዙር ስትል «ውሻው ይናከሳል» ይሉሃል። በቀን ልየው ብትል ሰዎቹ ከሥራ የሚገቡት ሲመሽ ነው፤ በደከመ አምፖል ደግሞ ግድግዳ ሁሉ አንድ ይመስላል። «ነገ ግንበኛ ይዤ ልምጣ» ያልክ እንደሆነ «ሌላ ገዥ ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው» የሚል ጥድፊያ ይከተልሃል።

ልብ በል! ከእነዚህ ሰዎች መካከል የዋሸህ ላይኖር ይችላል። «ጣራው አያፈስም» ያለህ የለም። «ምሰሶውን ምስጥ አልነካውም» ብሎ የማለልህም የለም። ያደረጉት ነገር ቢኖር እንዳታይ ማስቸገር ብቻ ነው። ታዲያ ሳይዋሹ ማስቸገር ወንጀል ይሆናልን?

ሻጭም የራሱ ምክንያት አለው። «ቤቴ ሐረሜ ነው፤ ሚስትና ሴት ልጆች አሉኝ፤ መንገደኛ ሁሉ ጓዳዬን ሲያይ ይዋል ወይ?» ይላል። ይህ በቀላሉ የሚጣል ቃል አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኑር 27ኛና 28ኛ አንቀጾች ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ ወደ ሰው ቤት መግባትን ከልክሏል፤ ተመለሱ ከተባሉም መመለስ እንደሚገባ አስተምሯል። ማስፈቀድ የተደነገገውም ዓይን የሰው ገበና ላይ እንዳያርፍ መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እንግዲህ ባለቤት ገበናውን የመሸፈን መብት አለው፤ ገዥም የሚገዛውን የማየት መብት አለው። ሁለቱ መብቶች በአንድ በር ላይ ሲገናኙ የትኛው ይቅደም?

ይህን የምጠይቀው ከኪታብ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። እኔ ራሴ ያ በር ላይ በሻጭ በኩል ቆሜ አውቃለሁ።

የአባታችን ቤት

አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) የተዉልን ቤት ደሴ ከተማ፣ ከዳገት ሥር የተሠራ ነበር። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ ውሃው በየዳገቱ ቁልቁል መንገድ ይፈልጋል። የቤታችን የኋላ ጓዳ ግድግዳ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የተሠራ በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ይሰርግበት ነበር። እናታችን በየክረምቱ የእህል ጆንያውን ከዚያ እያወጣች ሳሎን ስትደረድር እያየን ነው ያደግነው። በጋ ሲሆን ይደርቅና ከግድግዳው ግርጌ ቢጫ መስመር ብቻ ይቀራል።

በ2006 ዓ.ም. ውርሱን ለመካፈል ቤቱን ለመሸጥ ተስማማን። ወንድምና እህት አራት ነን። ታላቅ ወንድማችን «እስከ ክረምት አይቆይ፤ በጥር እንሽጠው» አለ። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም፤ ሁላችንም ገብቶናል። ቢጫውን መስመር በኖራ ቀባነው። በዚያ ጓዳ አሮጊት አክስታችን ታመው ተኝተው ስለነበር ገዥ በመጣ ቁጥር «አክስታችን ተኝተውበታል» እንል ነበር። ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ሳሎን አልጋ ዘርግተን ለግማሽ ሰዓት ማዛወር እንችል ነበር። ያላዛወርናቸው ለእርሳቸው አስበን አልነበረም።

ቤቱን የገዙን ሰው በጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሊገቡበት ነው። ጓዳው በር ላይ ደርሰው የአክስታችንን ሳል ሲሰሙ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉና «አይ ኡስታዝ፣ ሰው ካለበትስ አልገባም። እናንተ ካላችሁኝ ይበቃኛል» አሉኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል መናገር ይገባኝ ነበር፤ አልተናገርኩም። ውሉ ተጻፈ፤ ተፈረመ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ እኛም እንደ ሕጉ አደረግን። ወረቀቱ ላይ ካርታው አለ፣ ፊርማችን አለ፤ የጓዳው ግድግዳ ግን የለም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አገኙኝ። አልተቆጡም። «ኡስታዝ፣ ያ ጓዳ ውሃ እንደሚያስገባ አባታችሁ አልነገሯችሁም ነበር?» አሉኝ። መልሴንም ሳይጠብቁ ጫማቸውን አንሥተው ሄዱ።

ውድ አንባቢ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እኚህን ሰው ያታለልናቸው በስግብግብነታቸው ወይም በችኮላቸው በኩል ገብተን አይደለም። ያጠመድናቸው በአደባቸው ነው። የሰው ገበና አላይም ያሉበትን መልካም ጠባይ የዐይባችን መሸፈኛ አደረግነው።

ዑለማዎች ስለ ጓዳ ምን አሉ?

በዚያ ሰሞን በደረሳነቴ የቀራሁትን የሽያጭ ባብ እንደገና ገለጥኩ። ያን ጊዜ ለፈተና ብዬ የሸመደድኩት ቃል አሁን ስሜን እየጠራ የሚወቅሰኝ መሰለኝ።

በሐነፊ መዝሀብ ያላየውን ዕቃ የገዛ ሰው ባየው ጊዜ የማጽናት ወይም የመተው ምርጫ አለው። ቤትን በተመለከተ ኢማም አቡ ሐኒፋና (በ150 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው ግቢውን ያየ ሰው ቤቱን እንዳየ ይቆጠራል ብለው ነበር። ሌላው ተማሪያቸው ኢማም ዙፈር ግን «አይሆንም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ክፍሎቹን ማየት አለበት» የሚል አቋም ያዙ። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይተው የመጡት የ«አል-ሂዳያ» ኪታብ ጸሐፊ ኢማም አል-መርጊናኒ (በ593 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) ነገሩን ሲያብራሩ፣ የቀድሞዎቹ እንደዚያ ያሉት በዘመናቸው የነበሩት ቤቶች አሠራራቸው ተመሳሳይ ስለነበር መሆኑን፣ በእርሳቸው ዘመን ግን ቤቶች ስለሚለያዩ ወደ ውስጥ መግባት ግድ መሆኑን ገልጸዋል።

እስቲ አስተውል! ሊቃውንቱ የተወያዩት ስለ ጓዳ ነው። ግቢ ይበቃል ያሉትም ቢሆኑ እንዲህ ያሉት ግቢው ስለ ጓዳው እውነቱን ይናገር ስለነበር ነው። ዛሬ አንዱ ቤት ብሎኬት ነው፤ ሌላው በሲሚንቶ ተለስኖ ብሎኬት የመሰለ ጭቃ ቤት ነው። አንዱ ኮርኒስ ጤነኛ ነው፤ ሌላው የፍሳሹ ምልክት እንዳይታይ ትናንት ቀለም የተቀባ ነው። ታዲያ የትኛው ግቢ ነው ስለ የትኛው ጓዳ የሚመሰክረው?

በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ነገሩ ይብስ ይጠብቃል። በጠንካራው አቋም ያልታየ ነገር ሽያጭ ከነጭራሹ አይጸናም። የመዝሀቡ ኪታቦች በቤት ሽያጭ ላይ መታየት ያለበትን ሲዘረዝሩ ክፍሎቹን፣ ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ ገላ መታጠቢያውንና የፍሳሽ መውረጃውን ሳይቀር ይቆጥራሉ። የፍሳሽ መውረጃ! እኔና ወንድሞቼ ልናሳይ ያፈርነውን ዓይነት ነገር እነዚያ ታላላቅ ሰዎች በኪታብ ለመጻፍ አላፈሩም።

ከዚህም በላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሙላመሳ» የሚባለውን የጃሂሊያ ሽያጭ ከልክለዋል። ይኸውም ገዥ ጨርቁን ሳይገልጥና ሳያገላብጥ በእጁ በመንካት ብቻ ሽያጩ የሚጸናበት ነው። ሻጩ «ጥሩ ጨርቅ ነው» ብሎ ላይዋሽ ይችላል። የተከለከለው ዓይን እንዳያይ ተደርጎ ገንዘብ መቀበሉ ነው። ኢማም አል-ገዛሊም (በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) በ«ኢሕያእ» ኪታባቸው፣ የጨርቁን ያማረውን ገጽ አሳይቶ ሌላውን የደበቀ፣ ልብሱንም ጨለማ ቦታ ላይ ያቀረበ ነጋዴን ከአታላዮች ጎራ መድበውታል። አመሻሽ ላይ በደከመ አምፖል ቤት የሚያሳይ ሰው ራሱን ከዚህ ውጪ ሊያደርግ ይችላልን?

ኢማም ሙስሊም የዘገቡትን የእህሉን ክምር ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ክምሩ ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ አግኝቶት መሆኑን ነገራቸው። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናገሩ። ይህን ሐዲስ ለልጆች ለዓመታት ሳስተምር ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። ዝናቡ የሰውየው ጥፋት አልነበረም፤ ስለ ዝናቡም አልተወቀሰም። የተወቀሰው እርጥቡ ከሥር በመሆኑ ነው። የአባታችን ቤት ውሃ ማስገባቱም የእኛ ጥፋት አልነበረም። ጥፋታችን ኖራው ነው። ጥፋታችን የተዘጋው በር ነው።

ገበናና ዐይብ

ታዲያ «ቤቴ ሐረሜ ነው» ለሚለው ሻጭ መልሳችን ምንድን ነው?

መልሱ እንዲህ ይመስለኛል። ገበና የሰው ነው፤ ዐይብ የዕቃው ነው። ሸሪዓችን የሰውን ገበና እንድንሸፍን፣ የዕቃን ዐይብ እንድንገልጥ ያዘናል። ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ የታመመ ዘመድህ፣ ልብስህ፣ ሣጥንህ ገበናዎችህ ናቸው፤ ቤትህን ለሽያጭ ስላቀረብክ ለገዥ ዓይን አይጋለጡም። የተሰነጠቀው ግድግዳ፣ የሚያፈሰው ጣራ፣ የሚሞላው መጸዳጃ ቤት ግን ገበናህ አይደሉም። ነገ ሌላ ሰው ከልጆቹ ጋር የሚያድርባቸው ነገሮች ናቸው። ቤቱን ሽጠህ ስትወጣ ገበናህ አብሮህ ይወጣል፤ ዐይቡ ግን እዚያው ይቀራል። አብሮህ የማይወጣውን ነገር የእኔ ምስጢር ነው ብለህ ልትሸፍነው እንዴት ይቻልሃል?

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! ቤት የምትሸጡ ከሆነ ሰዓት ወስኑ፤ ግን የቀን ብርሃን ያለበት ሰዓት ይሁን። ቤተሰቡን ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩ፤ ከዚያ በሮቹን ሁሉ ክፈቱ። ውሻውን እሰሩ። ግንበኛ ይዤ ልምጣ ያለውን አታጣድፉት። የክረምቱን ነገር በበጋ ተናገሩ፤ ገዥ በጥር ቆሞ ነሐሴን ሊያይ አይችልምና።

ለገዥም አንድ ቃል አለኝ። የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረው የሰው ቤት ለማየት ብቻ ከደላላ ጋር የሚዞር ሰው አለ። ወጥቶም ስለ ቤቱ ሰዎች ኑሮ ያወራል። ይህ ሻጮችን በር እንዲዘጉ የሚያደርግ ክፉ ልማድ ነው። ለማየት የተፈቀደልህ ግድግዳውን ነው፤ ያየኸውን የሰው ኑሮ ደግሞ አማና ነውና ይዘኸው ውጣ፣ አታውራው። ጎረቤትም ዝምታው ነጻ አያወጣውም። የሚያውቀውን ዐይብ ገዥው ቀርቦ ሲጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለት የሻጩን ኖራ አብሮ መቀባት ነው።

ከዚያስ?

የቀራሁባቸውን ሸይኽ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰሙና «ግድግዳውን ታውቅ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ልትጠይቀኝ የመጣኸው ምኑን ነው?» አሉኝ። ቆየት ብለውም ሰውየው ቤቱን መልሰው ገንዘባቸውን መውሰድ እንደሚችሉ፣ ማስቀረት ከፈለጉም በጎደለው ልክ ተስማምተን መካስ እንዳለብን ነገሩኝ።

አዛውንቱ «አርጅቻለሁ ኡስታዝ፤ ዳግመኛ ዕቃ አልጭንም» አሉ። ግንበኛ አምጥተን ከጓዳው ጀርባ የሚሠራውን የድንጋይ ግንብና የውሃ ቦይ አስገመትን። እኔና እህቴ የየድርሻችንን ከፈልን። ሁለቱ ወንድሞቼ ግን «አይተው ነው የገዙት፤ ፈርመዋል» አሉ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ይላሉ። አዛውንቱ የቀረውን «ዐፍው ብያለሁ» ብለው ከራሳቸው ጨምረው አሠሩት።

እርሳቸው ዐፍው ብለዋል። እኔ ግን የወንድሞቼ ድርሻ እኔንም ይመለከተኝ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩና። «እናንተ ካላችሁኝ ይበቃኛል» የተባልኩትም እኔ ነኝ። ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ሻጭና ገዥ እውነት ቢናገሩና ቢገልጡ ሽያጫቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ቢደብቁና ቢዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ተነግሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መደበቅን ከመዋሸት ጎን እንዳቆሙት አስተውል። እኛ አልዋሸንም ብለን ስንጽናና ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) የሰውን ገበና የምንሸፍን፣ የዕቃችንን ዐይብ የምንገልጥ ያድርገን። በደጃችን ቆሞ በቃላችን ያመነንን ሰው ከማታለል ይጠብቀን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።