ከመከራ የተረፈ ሰው ቃል ይጸናልን?

በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ ተወልዶ ያደገው የኬሚስትሪ ሊቅ ፕሪሞ ሌቪ፣ አይሁዳዊ ነህ ተብሎ ተግዞ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከየካቲት 1944 እስከ ጥር 1945 ድረስ በአውሽቪትዝ አጠገብ በሞኖቪትዝ የማጎሪያ ሰፈር ያየውን መከራ የጻፈበትን መጽሐፍ ካነበብሁ ወዲህ፣ ሚሊዮኖች ስላለቁበት ግፍ የአንድ ሰው ትዝታ እንደምን ምስክር ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ከልቡናዬ አልወጣ ብሎ ያስጨንቀኛል። በአንድ ሰው ላይ ሞት ለመፍረድ እንኳ ኦሪት ከአንድ ምስክር በላይ ትሻለች። ደግሞስ ደጋግመው ያወሩት ነገር እየቈየ መልኩን አይለውጥምን? ሌቪ ራሱ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥጋት አልሸሸገም፤ ፍጹም ምስክር ሊባሉ የሚገባቸውም ያልተመለሱት እንጂ የተረፉት እንዳልሆኑ ገልጿል።

ይህን እያሰላሰልሁ ሳለ በፊተኛው የትዝታ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ቦታ ያዘኝ። ሌቪ የእስረኞቹን ሾርባ ለማምጣት ከአንድ ፈረንሳዊ ወጣት ጋር ሲሄድ፣ መንገድ ለመንገድ የዳንቴን ግጥም ሊያስተምረው ይጀምርና ስንኙ ይጠፋበታል፤ የጐደለውን ለማስታወስ ቢችል የዕለት ሾርባውን እንኳ ሊሰጥ ይመኛል። የራበው ሰው፣ ያችኑ ሾርባውን! ከተፈታም በኋላ የዳንቴን መጽሐፍ ገልጦ መሙላት ሲቻለው፣ እንደ ጠፋበት ተወው። የማያስታውሰውን አላስታውስም የሚል ሰው፣ አስታውሳለሁ ባለውም ይታመናል አልሁ።

ነገር ግን ልቤ በዚህ አላረፈም። በ1995 በጀርመን አገር የታተመና አንድ ሕፃን በናዚ ሰፈሮች ያየውን በተቈራረጠ ትዝታ የሚተርክ መጽሐፍ ብዙ አንባቢ አስለቅሶ ሽልማትም ካገኘ በኋላ፣ ደራሲው በስዊስ አገር ተወልዶ ያደገ፣ ሰፈሮቹንም በእስራት ያላያቸው መሆኑ ከመዛግብት ተረጋገጠ። እንኪያስ ጐደሎ ትዝታም በብልሃት ሊፈጠር ይችላል!

ስለዚህ የትዝታውን ቃል የሚያጸናውን ነገር ከትዝታው ውጭ ስፈልግ፣ ምስክሮቹ አስቀድመው እንዳሰቡበት አገኘሁ። ሌቪ ከአንድ ሐኪም ጋር ሆኖ የሞኖቪትዝን ምግብ፣ ልብስ፣ በሽታና ሆስፒታል አንድ በአንድ የዘረዘረበት ዘገባ በሕክምና መጽሔት የታተመው በ1946፣ ከትዝታው መጽሐፍ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። በጥር 1943 ከፈረንሳይ ወደ አውሽቪትዝ ከተላኩት 230 ሴቶች መካከል በሕይወት ከተረፉት 49 አንዷ የሆነችው ሻርሎት ዴልቦም፣ በ1965 የራሷን ትዝታ ስታሳትም፣ በዚያው ዓመት የጓደኞቿን ሁሉ ታሪክ በየስማቸው የያዘ ሌላ መጽሐፍ አወጣች። የሞቱት ሴቶች በራሳቸው አንደበት ሊመሰክሩ ባይችሉም፣ ስማቸውና ታሪካቸው በዚያ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ጥማቱንና እስረኞች ለስም ጥሪ ሲቆሙ የሚያገኛቸውን ብርድ ግን መዝገብ ሊነግረን ስለማይችል፣ እርሱን ከትዝታዋ እንሰማለን።

ሐሰተኛው ትዝታ ሲሸለም፣ እውነተኛው ግን በመጀመሪያ አንባቢ አጥቶ ነበር፤ የሌቪ መጽሐፍ በ1947 ሲወጣ ታላቅ ማተሚያ ቤት አልቀበልም ብሎት፣ አንድ ትንሽ አሳታሚ 2,500 ቅጂ ብቻ አትሞለት፣ ያም ተሸጦ አላለቀም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጅህ ሲገባ ሳትመረምር አትመን፤ መርምረህ እውነት ሆኖ ካገኘኸው ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ሳታነብ አትተወው።