ለመጠበቅ ማወቅና ለመበቀል ማወቅ

ሰው የባልንጀራውን የቀድሞ በደል ሊያውቅ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ ባወቀው ነገር ምን ሊያደርግበት ይገባል? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። በዚያ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችንንም የሚነካ ስለ ሆነ በማስተዋል ልንመረምረው ያሻል።

የካሊፎርኒያ ግዛት በግብረ ሥጋ ወንጀል የተፈረደባቸውን ሰዎች በመዝገብ መያዝ የጀመረችው በ1947 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1994 በኒው ጀርሲ ግዛት ሜጋን የምትባል የ7 ዓመት ሕፃን ከቤታቸው ፊት ለፊት በሚኖር ሰው ተደፍራ ተገደለች። ሰውየው ቀድሞ በሕፃናት ላይ በፈጸመው ወንጀል ሁለት ጊዜ ተፈርዶበት ነበር፤ ወላጆቿ ግን ይህን አያውቁም ነበር። ከዚህ ኀዘን የተነሣ በ1996 በስሟ የሚጠራ ሕግ ወጣና ግዛቶች ለሕዝብ ጥበቃ የሚያስፈልገውን መረጃ እንዲገልጡ አዘዘ። ዛሬ የብዙዎቹን ተፈራጆች ስም፣ ፎቶግራፍና አድራሻ ማንም በኢንተርኔት ሊያይ ይችላል።

የዚህ ሕግ ምክንያት ጽኑ ነው። ሕፃን ራሱን ሊጠብቅ አይችልምና። እረኛውን «በጎቹን ጠብቅ» ብሎ አዝዞ የተኩላውን ዋሻ ከእርሱ መሰወር ግፍ ነው። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ ሲል መዝገቡን ቢመለከት ሐሜት አይሆንበትም።

በ2003 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአላስካ ግዛት ጉዳይ ላይ፣ እንዲህ ያለው መዝገብ ሕዝብን ለመጠበቅ የተሠራ ሥርዓት እንጂ ቅጣት አይደለም ሲል ፈረደ። ሆኖም ፍርድ ቤት ቅጣት አይደለም ያለውን ነገር ሰው ቅጣት ሊያደርገው ይችላል። በ2006 በሜይን ግዛት አንድ ወጣት ከመዝገቡ አድራሻ ፈልጎ ሁለት ሰዎችን በየቤታቸው ገደለ። ከሁለቱ አንዱ የተፈረደበት፣ 16 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ከነበረች ወዳጁ ጋር በመተኛቱ ነበር።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፣ እግዚአብሔር በቃየል ላይ ምልክት ያደረገው ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ነው። ምልክቱ ደሙን አልሰረዘለትም፤ ነፍሱን ግን ከበቀል ጠበቀለት። እንግዲህ የበደለኛን ስም የሚያሳይ ምልክት ለድንጋይ ወርዋሪ ዒላማ ሊሆን አይገባውም።

ደግሞም መዝገቡ የሚያሳየው የተፈረደባቸውን ብቻ ነው። በሕፃናት ላይ እንዲህ ያለ ግፍ ከሚፈጽሙት ከ10 እጅ 9ኙ ሕፃኑ የሚያውቃቸው ናቸው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የቤተሰብ ወዳጅ፣ አስተማሪ ይሆናሉ። ባዕዱን በመዝገብ እየፈለገ ልጁ ስለ ቤተኛው የሚናገረውን የማይሰማ ወላጅ፣ በሩን ዘግቶ ጅቡን ከውስጥ ያስቀረ ሰው ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ሌላ መንገድ ተይዟል። ከ1997 ጀምሮ ያለው መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ነገር ግን ወላጅ ወደ ልጁ ስለሚቀርብ ሰው ፖሊስን ሊጠይቅ ይችላል፤ ፖሊስም የሚያሠጋ ነገር ካገኘ ልጁን ሊጠብቅ ለሚችለው ሰው በምሥጢር ይነግረዋል። እኛ ይህን መንገድ የምናመሰግነው፣ ዕውቀቱን በመጠበቅ ግዴታ ልክ ስለሚሰፍረው ነው። ለሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልገው ይነገረው፤ ለሚያወራና ለሚበቀል ግን ምንም አይገባውም።

«ንስሓ የገባውንስ እንዴት እናድርገው?» የሚል ይኖራል። ይቅርታና አደራ ሁለት ነገሮች ናቸው። ይቅርታ ለተጸጸተ ሁሉ ይሰጣል፤ የሕፃናት አደራ ግን ይቅር ስለ ተባለ ብቻ ለማንም አይሰጥም። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ ከጸሎት አይከልከል፤ ከሕፃናት ጋር ግን ለብቻው አይተው፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም አይሾም። በእውነት የተጸጸተ ከሆነ ይህን ጥበቃ እንደ ስድብ አይቆጥረውም፤ እርሱ ራሱ አስቀድሞ ይርቃል።

ከእኛው መካከል የከበረ ሰው ቢጠረጠርም፣ ለቤቱ ስም ስንል ነገሩን ሸፍነን ሕፃኑን ዝም አናሰኝ፤ ለሚመለከተው ሕግ እናስታውቅ። የተሸፈነ ግፍ የቤቱን ስም አያድንምና፤ ሌላ ሕፃን ያስከፍላል እንጂ።