ርካሽ ትኬት

ከሆለታ እንጭኒ የሚሄደው ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ ዛሬ ብትቀር ነገ በዚያው ዋጋ ትሳፈራለህ። አውሮፕላን ግን ባይሞላም በሰዓቱ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ባዶ ወንበር ስለማይሸጥ፣ አየር መንገዶች ቀን የመቀየርን መብት ለብቻው ይሸጡታል።

ቦርሳዬን አዝዬ ለ2 ወር ስወጣ ርካሹን፣ ቀኑ የማይቀየረውን ትኬት ቆረጥኩ። በአራተኛው ሳምንት፣ ዳሬሰላም ሳለሁ፣ «እናትህ ታመዋል» ተባልኩ። ያንን ጥዬ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ እስክበደር 3 ቀን ሄደ። እማዬ «እንኳን መጣህ» ብቻ አለችኝ።

የተወራረድኩት በገንዘቤ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ አልጋ ላይ ሆና በምትቆጥረው ቀን ጭምር ነው። ውዱን ሁልጊዜ መግዛት ለእኔ ቢጤ አይቻልም። ስለዚህ ዛሬም ርካሹን እቆርጣለሁ፤ የተረፈኝን ብር ግን የእኔ አልለውም። የመመለሻ ነው።