ውለታ ወይስ ተራ?

በወሎ ገጠር ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ይወጣል። ገሚሱ መቃብር ይቆፍራል፣ ገሚሱ እንጨት ይፈልጣል፣ ሴቶቹ እንጀራና ንፍሮ ይዘው ይደርሳሉ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ የብዙ ቦታ ቅሬ ልዩነት አያደርግም። ሐዘንተኛው ግን የቅሬውን ዳኛ «ውለታህን በምን ልክፈለው?» አይለውም። ተራው ነዋ! ዛሬ የእሱ ቤት ነው፣ ነገ የሌላው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ድርቅ እርዳታ ሳስብ ነው።  ቦረና ከአገሪቱ ደቡብ ጫፍ፣ ከኬንያ ድንበር ላይ ትገኛለች። እዚያ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ከብቱ አለቀ፤ አርብቶ አደሩ ዱብሉቅን በመሳሰሉ መጠለያዎች ሰፈረ። በ2015 ማንም ሳያዛቸው በየከተማው ወጣቶች ተነሱ፤ ገንዘብ ሰበሰቡ፣ ዱቄትና ዘይት ጭነው ወረዱ። የሰጡት ምንድን ነው፤ ውለታ ወይስ ተራ?

ፈላስፋው ፒተር ሲንገር በምሥራቅ ቤንጋል ሰዎች በምግብ እጦት ሲሞቱ አይቶ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የተራበው ሰው መራቁ ከግዴታ ነጻ አያወጣንም ብሎ ተከራክሯል። እውነቱን ነው። ክርክሩ ግን የሚያየው ከሰጪው ወገን ነው። ተቀባዩስ?

ቦረናዎች ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው፤ ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከየመንጋው አዋጥቶ ዳግም ባለ ከብት ያደርገዋል። ተቀባዩ የሚወስደው ምጽዋት ሳይሆን ድርሻውን ነው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶቻቸውም ወንዶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ፤ የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው አባ ሄሬጋ ነው። በተራው ለመጠጣት እንዲህ የለመደን ሰው፣ ዱቄት አሸክሞ ካሜራ ፊት ማቆምና «አመስግን» ማለት ነውር ይመስለኛል። ከረሃቡ ሌላ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

ነገር ግን ቅሬም ቡሳ ጎኖፋም ወሰን አላቸው። ቅሬ የሚያውቀው አባሉን ነው። ድርቁ የሁሉንም መንጋ ሲጨርስ ደግሞ ጎሳው ከየት አምጥቶ ያዋጣል? ወሎ ይህን በ1965ም በ1977ም አይቶታል፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚቆርሰው አልነበረውም። ያኔ የሚያስፈልገው ከወሰኑ ውጪ የሚመጣ ሰው ነው። አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ወሎ፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጥተው፣ በመንገድ ላይ በሞተች እናቷ ጡት ላይ የነበረች ሕፃን አገኙ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ነው። ያን ጊዜ እሷንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። የልጆቹ ጎሳም ቅሬም አልነበሩም። በጎ ፈቃደኛ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ያልተመዘገበበትን ቅሬ የሚወጣ ሰው።

የአበበች መንገድ ግን አንድ ነገር ይለየዋል፤ አልተቋረጠም። የእኛ ዘመቻ ሆድ ሲባባ ይነሳል፣ ወሬው ሲበርድ ይተኛል። ቅሬ ሆድ እስኪባባ አይጠብቅም፤ የማትወደው ጎረቤትህ ቢሞትም አካፋህን ይዘህ ትወጣለህ። ድርቅ ደግሞ እንደ ጎርፍ ድንገት አይደርስም፤ ወቅት በወቅት እያስጠነቀቀ ይመጣል። ሳሩ ሲያልቅ ላሟ ትከሳለች፣ ከዚያ ትወድቃለች፤ ሰው ተጋግዞ ካላነሳት አትነሳም። ፎቶዋ የሚደርሰን ከወደቀች በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚላከው ዱቄት ነፍስ ያድናል፤ ባለ ከብቱን ግን ባለ ከብት አድርጎ አያቆየውም።

ስለዚህ በየከተማው ለምትሰባሰቡ ወጣቶች የምለው ይህ ነው፦ መዝገባችሁን ዝናብ በጣለበት ዓመት ክፈቱ፤ መዋጮው ትንሽ ይሁን፣ በየወሩ ግን አይቅር። አባ ገዳዎቹን ጠይቁ፤ ድርቆሹና የከብት መድኃኒቱ ላሟ በእግሯ ቆማ ሳለች ይድረስ። ካሜራውንም ቤት ተዉት።